ቢ ሪዚኪና ባዶው ወንበር

ቢ ሪዚኪን (‘ቢ’ በዚህ አገር ‘እመት’ እንደ ማለት ነው) በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ዋሸሁ። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም፤ ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዕድሜያቸውን የምገምተው ከድምፃቸው ነው፣ ድምፃቸው ደግሞ እንደ ባሕሩ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ስለማላውቀው ሰው መጻፍ ድፍረት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን እሳቸውን የማያውቅ እንኳ ዓይነታቸውን ያውቃል። ባዶ ወንበር ሲያይ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው የሌለበት አገር የለም። በለቅሶ ቤት አግዳሚ፣ በክሊኒክ ደጃፍ፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ ተነስቶ ዙሪያውን የሚያይ፣ "እስቲ ጠጋ በሉ፣ እዚህ ጋ ለአንድ ሰው ይሆናል" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ያ "ለአንድ ሰው የሚሆን" ቦታ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ይሞላል።

ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ባለችው ከተማችን በኡኩንዳ የባዶ ወንበር ጉዳይ የበላይ ኃላፊ ክብርት ቢ ሪዚኪ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። በኖኅ ዘመን ኖረው ቢሆን ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሳይሆን አምስት አምስት በገባ፣ መርከቢቱም በሰጠመች።

ዕድል ሲቀልድባቸው መተዳደሪያቸው የግል መኪና ማቅረብ ሆነ። እኔ፣ ሁሉም ‘ምሐበሺ’ (ሐበሻ) የሚለኝ ሰው፣ ከኡኩንዳ አጠገብ በዲያኒ ባሕር ዳር በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጥግ ላይ ተቀምጬ "ከሞምባሳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመጣኝ የግል መኪና ያዙልኝ" የሚለውን መልእክት እቀበላለሁ። መልእክቱን ለቢ ሪዚኪ አስተላልፋለሁ። ቢ ሪዚኪ የራሳቸው መኪና የላቸውም፤ ያላቸው ኒም ዛፍ ሥር የተቀመጠች የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት ስልክና የሚታዘዟቸው ሾፌሮች ናቸው። ሾፌሮቹ ከነቤተሰባቸው ከሆቴላችን በሚመጣ ሥራ ይኖራሉ።

አንድ እንግዳ በትልቅ መኪና ብቻውን ከሞምባሳ ዲያኒ ድረስ መምጣቱ ለቢ ሪዚኪ ኃጢአት ነው፤ እንጀራ እንደ መጣል ያለ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ገና በሰማይ ሳለ ሁለቱም ስልኮች ይጮኻሉ። ሞምባሳ ውስጥ ወደ ቤቱ መመለስ የፈለገ የኡኩንዳ ሰው ሁሉ ይጠራል። ማንም ሳንቲም አይከፍልም። ነገሩ ንግድ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይገባን ነበር።

በዚህ አኳኋን ከናኩሩ የመጡ ሙሽሮች በመካከላቸው የቁርዓን መምህር ተቀምጠው፣ እስከ ሆቴሉ በር ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲመከሩ መጡ። አንድ ጡረተኛ ጣሊያናዊ የደረቀ ዓሣ ዘንቢል ታቅፎ ደረሰ፤ ዘንቢሉን ሊቀበሉት ሲሉ በግድ ነው የለቀቀው ይባላል። የኪሱሙ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ለአንድ ሙሉ ሠርግ የሚበቃ የፒላው ሩዝ ድስት ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከድስቱ በላይ መነጽራቸው ብቻ እየታየ ገቡ።

"የግል መኪና ተብዬ ነበር" ብሎ እንግዳ በስልክ ሲቆጣ ቢ ሪዚኪ አይደነግጡም።

"የግል ነው። የማላውቀው ሰው አንድም የለበትም።"

ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ሙሪሚ ከደጋው አገር የመጣ፣ ሸሚዙ በዚህ ሁሉ ወበቅ የማይጨማደድ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ እዚህ እንኳ ደፍሬ አንተ ልበለው። አንድ ቀን ታገሠ፣ ሁለት ቀን ታገሠ፤ ከድስቱ በኋላ ግን እኔን አስከትሎ ዛፉ ሥር መጣ።

"ቢ ሪዚኪ፣ የግል ማለት ምን ማለት ነው?"

"አንድ ሰው የከፈለበት።"

"አንድ ሰው የሚቀመጥበት።"

"አንድ ሰውማ አንድ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ልጄ። የቀረው ቦታ ምን በድሎ ባዶውን ይሂድ?"

ሚስተር ሙሪሚ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። "ነገ የምትመጣው ሚስ ኬንዲ ናት። መሥሪያ ቤቷ ዓመታዊ ስብሰባውን የት እንደሚያደርግ የምትወስነው እሷ ናት። 'የግል መኪና፣ ብቻዬን፣ ሙዚቃ የለም፣ ወሬ የለም' ብላለች። መኪናዋ ውስጥ ከመንገድ የተጫነ አንድ ሰው ካገኘሁ፣ ሥራውን በሙሉ ሞምባሳ ላሉት ባለ ነጭ ሚኒባሶች እሰጣለሁ። ይኸው ተናገርኩ።"

ከዛፉ ወዲያ የቆሙት ሾፌሮች ወደ እኛ ዞሩ። ቢ ሪዚኪ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንተም አብረህ ሂድ" አለኝ ሚስተር ሙሪሚ፣ "ማንም እንዳይገባ ተቆጣጠር።"

እኔ ራሴ ትርፍ ሰው አልሆንም ወይ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

በማግስቱ ሾፌራችን ሱዲ መኪናውን አስነስቶ ልንሄድ ስንል ቢ ሪዚኪ የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡ።

"ወዴት ነው?" አለ ሱዲ።

"አንተን ማን ያምንሃል? ልብህ ስስ ነው። እጅ ያነሳ ሁሉ ዘመድህ ይመስልሃል። ዝንብ እንዳትገባ ራሴ እጠብቃለሁ።"

"ዝንቧም እኮ ከእርስዎ ቤት ነው የምትመጣው።"

"ንዳ፣ አንተ ስድ።"

ይህ የሆነው መኪና ከሞምባሳ ወደ ደቡብ በጀልባ ተጭኖ በሚሻገርበት፣ ማዞሪያው መንገድ ገና ባልተከፈተበት ጊዜ ነው። ሚስ ኬንዲ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጣ ሦስታችን ተሰልፈን ጠበቅናት። ቀጭን፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ብዙ ቀን ያልተኛች የምትመስል ሴት ናት። መኪናውን አየች፤ እኛን አየች።

"የግል መኪና ብዬ ነበር።"

"የግል ነው" አሉ ቢ ሪዚኪ። "እኛ ጠባቂዎች ነን።"

"ከምን?"

"ከሰው።"

ሚስ ኬንዲ ሻንጣዋን ለሱዲ ሰጠች። መካከለኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ገባች። አጠገቧ ሁለት ቦታ ባዶ ቀረ። እኔ ከሁሉ ኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር ይዤ ተቀመጥኩ።

እነዚያ ሁለት ባዶ ቦታዎች ቢ ሪዚኪን ምን እንዳደረጓቸው ለመግለጽ ከእኔ የተሻለ ጸሐፊ ያስፈልጋል። ጀልባውን ስንጠብቅ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። ቢ ሪዚኪ ይዞራሉ፣ ወንበሮቹን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። መስኮት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቦርሳቸውን ወደ ኋላ ወርውረው አንዱ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቦርሳው ብቸኝነት የተሰማው ይመስል መልሰው ይወስዱታል። ስልኮቻቸው ይጮኻሉ፤ አያነሱም። ጨርሰው ማጥፋት ደግሞ አልቻሉም። አንድ ካሳቫ ጠባሽ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ "ቢ ሪዚኪ፣ ዛሬ ሰፋ ብላችሁ ነው የምትሄዱት" ሲላቸው እንደ ተሰደበ ሰው ፊታቸውን አዞሩ።

ጀልባው አሻገረን። ማዶ ሊኮኒ ስንወርድ ግን መንገዱ በሙሉ ሰው ነበር። የማታቱ፣ የሕዝብ ሚኒባሶቹ፣ ሾፌሮች ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተጣልተው ሥራ አቁመዋል። ደቡብ የሚሄደው ሕዝብ ጫማውን በእጁ፣ ዕቃውን በአናቱ ይዞ አስፋልቱን ተያይዞታል። መኪናችንን ደግሞ የማያውቅ የለም።

"ቢ ሪዚኪ! ኧረ ቢ ሪዚኪ!"

ቢ ሪዚኪ ሌሶአቸውን፣ ያን ባለ አበባ ነጠላቸውን፣ ከትከሻቸው አንስተው ፊታቸው ላይ ጣሉት። ፍጥነት መቀነሻው ጋ ስንደርስ ጁምቤ ልብስ ሰፊው መስኮቱን አንኳኳ።

"እኔ ነኝ እኮ። ጁምቤ ነኝ።"

"ተኝተዋል" አለ ሱዲ።

"እግራቸው ይወዛወዛል እኮ።"

"እንዲህ ነው የሚተኙት።"

ሚስ ኬንዲ መነጽሯን አወለቀች። "ሁሉም ያውቁዎታል?"

"ማንንም አላውቅም" አሉ ቢ ሪዚኪ ከሌሶው ሥር። ወዲያው ሌላ ሰው ጠራቸው፤ እሱንም አላውቀውም አሉ። ዶሮ እስኪጮህ ጠበቅኩ።

ከዚያ ቢ ዙሁራን አየን። ቢ ዙሁራ የቢ ሪዚኪ አክስት ናቸው፤ እናት ሆነው ያሳደጓቸውም እሳቸው ናቸው። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጓል፤ ከዓይን ሐኪም እየተመለሱ መሆኑ ነው። ዘንቢል በአንድ ክንዳቸው አንጠልጥለው፣ በሌላው እጃቸው አየሩን እየዳበሱ በመንገዱ ጠርዝ ይሄዳሉ። አልተጣሩም፤ መኪናውን አላዩትማ። ሱዲ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ።

"ንዳ" አሉ ቢ ሪዚኪ።

"ቢ ዙሁራ ናቸው እኮ።"

"አይቻለሁ። ንዳ።"

"ቢ ሪዚኪ..."

"የስንት ሰው ቤት ነው የሚዘጋው? ያንተስ ልጆች? ንዳ ብዬሃለሁ።"

ድምፃቸው ያን ጊዜ የማንም ድምፅ አይመስልም ነበር። መኪናው አለፋቸው። ሌሶው በቢ ሪዚኪ ፊት ላይ ሲገባና ሲወጣ አየሁ፤ አተነፋፈሳቸው እንደ ሮጠ ሰው ነበር።

እኔ ከሁሉ ኋላ ነበርኩና በኋላው መስታወት የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ቢ ዙሁራ በርቀት እያነሱ ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። የአስፋልቱን ጠርዝ በእግራቸው ጣት ፈለጉ፤ አላገኙትም፤ እንደገና ፈለጉ። ከኋላቸው ሎሪ ይመጣል።

"አቁም" አልኩ። ማንም አልሰማም። የእኔን ንግግር ሰው በመጀመሪያው አይሰማውም።

"ሱዲ፣ አቁም።"

"ማነው?" አለ ሱዲ ደንግጦ።

"እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ተመለስ።"

ቢ ሪዚኪ ሌሶውን ገለጡ። "አንተ ምሐበሺ፣ እንዳይገባ ልትቆጣጠር ነው የተላክኸው።"

"አውቃለሁ።"

"ከሥራ ያባርርሃል።"

"እሱንም አውቃለሁ" አልኩ።

ሱዲ ወደ ኋላ ነዳ። ሎሪው እየጮኸብን አለፈ። ቢ ሪዚኪ መኪናው ሳይቆም ወርደው ነበር። አክስታቸውን እንደ ዕንቁላል ይዘው አመጡ። ሚስ ኬንዲ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጋች፤ ቦርሳዋንም ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"የማን መኪና ነው?" አሉ ቢ ዙሁራ ሲቀመጡ።

"የዚች ልጅ ነው፤ ለብቻዋ ነበር የያዘችው" አለ ሱዲ።

"ለብቻዋ? ምነው፣ ምን ሆና?" ቢ ዙሁራ በማያየው ዓይናቸው በኩል እጃቸውን ሰደው የሚስ ኬንዲን እጅ አገኙ። "እጅሽ ቀዝቅዟል፣ ልጄ። ምሳ በልተሻል?"

"አልበላሁም።"

"ማን ሞቶ ነው ሁላችሁም እንዲህ ዝም ያላችሁት?" ከዘንቢላቸው ማሃምሪ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ አውጥተው ሰጧት። ሚስ ኬንዲ ትንሽ ቆርሳ ቀመሰችው፤ ከዚያ ሙሉውን በላች። ሁለተኛውንም በላች። ቢ ዙሁራ ስለ ሐኪሙ ሲያወሩ፣ ዓይናቸውን ሲሠራ በሬዲዮ ኳስ ይሰማ እንደነበረና ግብ በገባ ቁጥር መሣሪያውን ይዞ እንደሚቆም ሲነግሯት፣ ወሬ የለም ያለችው ሴት ትከሻዋ እስኪርገበገብ ሳቀች።

በር አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የሚገባው አያልቅም። ጁምቤ ደረሰብን፣ ገባ። የጁምቤ ጎረቤት ገባ። ቢ ሪዚኪ የጠፋ ቀለማቸው ተመለሰ፤ ወደ ኋላ ዞረው፣ "አንተ ምሐበሺ፣ እግርህን ሰብስብ፣ እዚያ ለአንድ ሰው ይሆናል" አሉኝ። ለሁለት ሆነ።

ዕቅዳችን ሁሉንም ኡኩንዳ መገንጠያ ላይ አውርደን ሚስ ኬንዲን ብቻዋን ሆቴል ማስገባት ነበር። ነገር ግን ሚስተር ሙሪሚ ሆቴል ቁጭ ብሎ መጠበቅ አላስቻለውም። መገንጠያው ላይ፣ ከቢ ሪዚኪ ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘነው። በሩ ተከፈተ። እሱ በጣቱ እየቆጠረ ጁምቤ ወረደ፣ ጎረቤቱ ወረደ፣ ሌላም ወረደ፣ ቢ ዙሁራ በሱዲ ክንድ ተደግፈው ወረዱ፣ ቢ ሪዚኪም ወረዱ፤ ከሁሉ በኋላ እኔ የደነዘዘ እግሬን እየጎተትኩ ወረድኩ።

"ሚስ ኬንዲ" አለ ሚስተር ሙሪሚ፣ "ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል አጣሁ።"

ሚስ ኬንዲ ከንፈሯ ላይ የቀረውን የማሃምሪ ፍርፋሪ ጠረገች። "እሑድ ስመለስ ይኸው መኪና ይያዝልኝ። ሾፌሩም ሱዲ ይሁን።"

"የግል፣ ብቻዎን፣ ቃሌን እሰጥዎታለሁ።"

"ይኸው መኪና ነው ያልኩት" አለችና መስታወቱን ዘጋች።

የባለ ነጭ ሚኒባሶቹ ነገር በዚያው ሞተ፤ ሚስተር ሙሪሚም ገብቶታል። ቢሆንም ትእዛዝ ተጥሷል፣ የጣሰ ሰው መኖር አለበት። ወደ ሱዲ ዞረ። ሱዲ፣ "ቢ ሪዚኪ ንዳ ብለውኝ ነበር፣ ሁለት ጊዜ፣ በአላህ ስም" አለና ጎማ ሊያይ ከመኪናው ኋላ ተሰወረ።

"ታዲያ አቁም ያለው ማነው?" ሚስተር ሙሪሚ ቢ ሪዚኪን ጠየቃቸው። "እርስዎ አይደሉም። ሱዲ አይደለም። እንግዳዋን አልጠይቅም። ይህን ሰው ደግሞ የላክሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከሆነ ዛሬውኑ ዕቃውን ይሰብስብ። ማነው?"

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። የቢ ሪዚኪ ክርን ጎኔ ላይ አረፈ፤ ትንፋሼም ከቃሉ ጋር ተመልሶ ገባ።

"ቢ ሪዚኪ፣ እየጠየቅኩዎት ነው።"

ቢ ሪዚኪ ላልተጠየቁት እንኳ መልስ ሲሰጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ሚስተር ሙሪሚን አዩት፤ ከዚያ የአክስታቸውን ዘንቢል ከመሬት አንስተው፣ ክዳኑን ቀስ ብለው አስተካክለው፣ መንገዱን ማየት ጀመሩ።