ከቤቱ ሆኖ የሚነዳው ሹፌር

መስሪያ ቤት የሚባል ነገር አንድ የማይድን አመል አለበት። የሌለውን ነገር ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። «ፈጣን አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ወረፋው ከግቢው ወጥቶ አስፋልት መድረሱን ጠርጥሩ። «ጽዳት መለያችን ነው» ከተባለ ደግሞ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አትሂዱ፣ የወንድም ምክሬ ነው። ስለዚህ የእርዳታ ድርጅታችን የወልድያ ቅርንጫፍ «ብዝኃነት፣ አካታችነትና የእኔነት ስሜት በሥራ ቦታ» የሚል ስልጠና ሊሰጠው ነው ሲባል፣ እኔ እንድሪስ ተፈራ፣ የግዥ ሰራተኛው፣ ወዲያው የመጣብኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ማንን ገፍተን ይሆን?

መልሱን እንኳ አላጣሁትም። ጋሽ ሐጎስን ነዋ!

ጋሽ ሐጎስ የቅርንጫፋችን ብቸኛ ሹፌር ነው። መኪናችንም አንዲት ላንድክሩዘር ስለሆነች ይመጣጠናሉ። የተወለደው ትግራይ ነው። ወልድያ ከገባ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሚስት ያገባውም እዚሁ አቅራቢያ ካለው ከሐብሩ ወረዳ፣ ከግራና ነው። አማርኛው ላይ አንዳንድ ፊደል ከጉሮሮው ጠለቅ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ውጭ፣ ለቅሶ ላይም ሆነ ሰርግ ላይ ከእኛ የሚለየው ቀድሞን መድረሱ ነው። ጦርነቱ ወደ ወልድያ የተጠጋ ጊዜ ሁላችንንም ከነልጆቻችን በዚያች ላንድክሩዘር አጭቆ፣ በመርሳ አድርጎ ደሴ ያደረሰን እሱ ነው። መኪናዋ ስንት ሰው ትጭናለች ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ የተቀመጥኩት የሰው ጭን ላይ ነበር፤ የማን ጭን እንደሆነ እስካሁን አላጣራሁም።

ከተማው ተረጋጋ ሲባል ተመለስን። ቢሮው ባዶ ነበር። ኮምፒውተር የለ፣ ወንበር የለ፣ በሩ ራሱ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ሄዷል። በተመለስን በሳምንቱ ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ መኮንን ከዋናው መስሪያ ቤት ተደወለለት። ጊዜው ሰው በስሙና በአነጋገሩ እየተለየ የሚጠረጠርበት ስለሆነ፣ ሐጎስ ለደህንነት ሲባል እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ ከቤቱ ሆኖ ይስራ ተባለ። ልብ በሉ፣ አልተባረረም። ድርጅታችን ሰው አያባርርም፣ አካታች ነዋ! ከቤቱ ሆኖ ይስራ ነው የተባለው። ሹፌር!

አቶ መኮንን ይህን የነገረው መሬት መሬት እያየ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ከዋናው መስሪያ ቤት ስልክ ሲመጣ ቆሞ የሚያነሳ ዓይነት ሰው ነው። ጋሽ ሐጎስ ሰማውና ሁለት ነገር ጠየቀ። መጀመሪያ፣ የማን ደህንነት? አለ። መልስ ሲያጣ ደግሞ፣ እሺ መሪውን ቤት ድረስ ትልኩልኛላችሁ ወይስ ፈትቼ ልውሰደው? አለ። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። የመኪናዋን ቁልፍ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ያን ቀን ትከሻውን ሰብሮ ከግቢው ሲወጣ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየቦታው ሥራውን ቀጠለ። ላንድክሩዘሯ ግቢው መሀል ቆማ ቀረች፤ የጥበቃችን የአባባ አሊ ዶሮዎችም ከሥሯ ገብተው እንቁላል መጣል ጀመሩ። እኛ ለመስክ ሥራ ባጃጅ እየለመንን ዞርን። ጋሽ ሐጎስም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከቤቱ ሆኖ ይነዳል። ልጠይቀው ስሄድ ሥራ እንዴት ነው እለዋለሁ፤ ኧረ ተወኝ፣ ዛሬ መንገዱ ተጨናንቆብኛል ይለኛል። ይቀልዳል እንጂ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። ዳቦ እንኳ የምትገዛው ባለቤቱ ነበረች። ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ከተማ በአጥር ቀዳዳ ነበር የሚያየው።

አሰልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ወይዘሪት ቤዛዊት ትባላለች። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ልጅ ናት፤ ስትናገር ከልቧ ነው፣ ማርከሯም ሦስት ዓይነት ቀለም ነው። እኛ በስንዴ ጆንያ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። በራችን ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት አለች፤ በር ስለሌለን ሳንከራከር ተስማማን። ማንም ሰው ጥግ ይዞ እንዲቆም መደረግ የለበትም አለች፤ በዚህም ተስማማን። ቀጥላ እስላሙንና ክርስቲያኑን አደባልቃ ልታስቀምጠን ፈለገችና በስማችን ለየችን። ያለችው እስላምና ክርስቲያኑ ስም የሚዋዋስበት ወሎ መሆኑን ማን ይንገራት! እኔን በአባቴ በተፈራ ስም ክርስቲያን አደረገችኝ። የመጋዘን ሰራተኛችንን ደሳለ መሐመድን፣ ዓመት ከዓመት አንድ ጾም የማይሽረውን ክርስቲያን፣ እስላም አደረገችው። እንግዳ ናት ብለን ዝም አልን። አደባልቃ ስትጨርስ ሁላችንም ቀድሞ ከተቀመጥንበት ጆንያ ላይ ተገኘን።

ቆየት ብላ ወደ አቶ መኮንን ዞረችና፣ በቅርንጫፉ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰራተኛ የለም ወይ? አለችው። አቶ መኮንን እንደ ልማዱ መሬት መሬት አየ።  አለ፣ ግን ከቤቱ ሆኖ ነው የሚሰራው አላት። በጣም ደስ አላት። ጎሽ፣ ዘመናዊ አሰራር ነው፤ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? አለች። ሹፌር ነው አላት። ማርከሯን ከደነችና ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

የስልጠናው መዝጊያ ምሳ ነበር። ግዥ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ቤዛዊት ያሰበችው አንድ በግ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ትልቅ ትሪ፣ ዙሪያውን እኛ፣ ከላይ ፎቶ አንሺ ነው። እህቴ፣ አልኳት፣ በጉ አንድ ከሆነ ግማሾቻችን የምንበላው ዳቦ በሻይ ነው። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውንም እስላም አይበላም። ለዚህ ደግሞ እኛ ዘንድ የቆየ ወግ አለው፤ ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ዳስ። ክርስቲያን ሲደግስ እስላም ጎረቤቱን ጠርቶ ና ለወገኖችህ እረድላቸው ይላል፤ እስላሙም ሲደግስ እንዲሁ። ይሄ መከፋፈል አይሆንም ወይ? አለችኝ። ለጎረቤቱ ሌላ ድስት የጣደ ሰው ምኑን ከፋፈለ? አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሁለት ይሁን አለች።

ሁለት ሙክት ገዛሁ። አባባ አሊ ቢላቸውን ይዘው ቀረቡ። የክርስቲያኖቹን ማን ይረድ? ነገሩ የቆመው እዚህ ላይ ነው። በቢሯችን ድግስ ሁሉ የክርስቲያኑን በግ የሚያርደው ጋሽ ሐጎስ ነበር። ደሳለ ተጠየቀ። ደም ሳይ ያዞረኛል አለ። አያችሁልኝ? ይሄ ሰውዬ ለፋሲካ የሰፈሩን በግ ሁሉ ብቻውን አርዶ የሚጨርስ ሰው ነው! ሌላው ወገቤን አለ። ሌላው ሕልሜ ጥሩ አልነበረም አለ። ከዚያ ሁላችንም አቶ መኮንንን አየነው። እሱ በጉን አየ፣ በጉም እሱን አየው፣ ኧረ እኔ አልችልበትም አለ። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም፣ ወላሂ። እንዲያው በአንድ ጊዜ ሁሉም ታመመ።

አባባ አሊም ቢላቸውን ወደ አፎቱ መለሱና፣ ጓዴ ሳይመጣ እኔም አላርድ አሉ። ሁለቱ ቢላቸውን በአንድ ድንጋይ ስለው፣ አንዱ ቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ ብሎ፣ ጎን ለጎን ነበር የሚያርዱት። የሐጎስ ቢላ ይኸው ዘብ ቤት አለ፣ ባለቤቱን ግን እናንተ ናችሁ የምታውቁት፣ ምን ላድርግ? አሉ። ቤዛዊት ሰዓቷን ታያለች። በጎቹ ሣር መጋጥ ጀምረዋል፤ ለእነሱ እንኳ ጥሩ ቀን ነበር። በመጨረሻ፣ በእኔ ኃላፊነት ይምጣ አለች። አቶ መኮንን ለደህንነት ሲባል ብሎ ጀምሮ ነበር፣ የአባባ አሊን ፊት ሲያይ ተወው።

እኔና አባባ አሊ ሄደን በባጃጅ መሀላችን አስቀምጠን አመጣነው። ግቢው ሲገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ ላንድክሩዘሯ ነው፤ መስታወቷን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አደረገ። ሰላም ያለን ከዚያ በኋላ ነው። አባባ አሊ ቢላውን አቀበሉት። እስቲ አስቡት፤ መሪ ቢጨብጥ ለደህንነት ያሰጋል የተባለ ሰው የተሳለ ቢላ ጨብጦ መሀላችን ቆመ፤ የደነገጠው በጉ ብቻ ነበር። ደሳለ ያን ቀን የበላውን ብታዩ ደም የሚያዞረው ሰው ነው አትሉም ነበር።

በነጋታው ቤዛዊት መርሳ ያሉ ባልደረቦቻችንን ማየት ነበረባት። አቶ መኮንን ባጃጅ ይፈለግላት አለ። ባጃጅ፣ እስከ መርሳ! እሷ ግን ሹፌር አለን አይደል እንዴ? አለች። ከብዙ ስልክ በኋላ ለአንድ ቀን ብቻ ተፈቀደ። ነገር ቢመጣ የሚያስረዳ ሰው ይኑር ተብሎ እኔም ተጨመርኩ። ዶሮዎቹን አስነስተን ወጣን።

መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን አለፍን። መርሳ መግቢያ ላይ ገመድ የተወጠረበት አዲስ ኬላ አለ። ያን ጊዜ ኬላ ላይ በአነጋገሩ ብቻ ከመኪና እንዲወርድ የተደረገ፣ ወርዶም የት እንደደረሰ ያልታወቀ ሰው እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ጋሽ ሐጎስ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። እኔ የቁርኣኑን አንቀጽ አያተል ኩርሲን በልቤ ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ከሦስታችን የተረጋጋችው ቤዛዊት ብቻ ነበረች። አንገቷ ላይ ትልቅ ባጅ አንጠልጥላለች።

ጠመንጃ ያነገተ ሸምገል ያለ ሚሊሻ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ አንተ ሐጎስ! ብሎ ክንዱን በመስኮት አስገብቶ አንገቱን አቀፈው። ለካ የግራና፣ የባለቤቱ አገር ሰው ነው። የት ጠፋህ፣ ሞቷል ያሉም ነበሩ እኮ፣ እህታችን ደህና ናት ወይ፣ ልጆቹስ፣ ያች ታናሿ ተዳረች ወይ… ሰላምታው የወሎ ሰላምታ ነው፤ ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ሞተራቸውን አጠፉ። አማቻችን እኮ ነው እያለ ለጓደኞቹም አስተዋወቀው። ጋሽ ሐጎስ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ አቧራው ነው አለ።

ከዚያ የሚሊሻው ዓይን ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። ይቺስ ማን ናት?

ያን ሰሞን ፀጉረ ልውጥ ሰው፣ ማለት አገሬው የማያውቀው እንግዳ፣ ሲታይ ይያዝ የሚል ትእዛዝ ነበር። እንግዲህ በዚያች መኪና ውስጥ አገሬው የማያውቀው ማንን ነው? ቤዛዊት መታወቂያዋን ወልድያ ያረፈችበት ሆቴል ረስታዋለች። ባጇን አሳየች፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው አላት። ብዝኃነትና አካታችነት አለች። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ መንገዱ ዞርኩ። ምን ማለት ነው? አላት። ሰው በማንነቱ ከሌላው ተለይቶ እንዳይገፋ ማስተማር ነው አለች። ሚሊሻው ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። ከዚያ በትህትና፣ እስቲ ውረጂና እዚያ ጥግ ላይ ለብቻሽ ቁሚ አላት።

ወርዳ ግራሩ ሥር ቆመች። መንገደኛው ሁሉ ያያታል። መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ስትደብቀው ሳይ ግን አፈርኩ፣ አሳዘነችኝም። እኔ ልናገርላት ብሞክር፣ ሚሊሻው አንተን ራስህን የማውቅህ በሐጎስ ነው ብሎ አስቀመጠኝ።

ይህን ጊዜ ጋሽ ሐጎስ ሞተር አጥፍቶ ወረደ። ስንት ጊዜ ከአጥሩ ያልወጣ ሰው ኬላ መሀል፣ ጠመንጃ መሀል ቆመና፣ በዚያ ከጉሮሮ በሚወጣው አማርኛው፣ የእኛው ልጅ ናት፣ እኔ ዋሷ ነኝ አለ። አንተ ካልክማ አለ ሚሊሻው። ገመዱም ወረደ።

 መርሳ ገብተን ስንቆም ቤዛዊት አመሰግናለሁ ጋሼ አለችው። አይዞሽ ልጄ፣ ይለመዳል አላት። ውሸቱን ነው። እሱም አልለመደውም፤ ያን በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ዓይኑን አይቻለሁ። እሷም ሳይገባት አልቀረም፤ ቀኑን ሙሉ ማርከሯን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

ቤዛዊት የኬላውን ነገር ተናግራ ኖሮ፣ ሳምንት ሳይሞላ ዋናው መስሪያ ቤት ደወለ። አቶ መኮንን ቆሞ አነሳው። ከእንግዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ማንኛውም ባለሙያ ያለ ሐጎስ ከወልድያ እንዳይንቀሳቀስ፣ ሐጎስም ከነገ ጀምሮ በመደበኛ ሥራው ላይ እንዲገኝ ታዟል። ምክንያቱ ያው የበፊቱ ነው፤ ለደህንነት ሲባል።

የምሥራቹን ይዤ ቤቱ የሮጥኩት እኔ ነኝ። አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ያችኑ የድሮ ጥያቄውን አነሳ፤ የማን ደህንነት? አሁንስ መልስ አላጣሁም። የእነሱ፣ የአዲስ አበባዎቹ አልኩት። ተነሳ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ የጫማውን ክር እያሰረም እንዲህ አለኝ። በል ቀድመህ ሂድና ለአባባ አሊ ዶሮዎች ንገርልኝ፤ ለደህንነት ሲባል ከነገ ጀምሮ እንቁላላቸውን ከቤታቸው ሆነው ይጣሉ።