የትርሲት የጾም ዳይስ

ዳይስ የምትሠራ ሴት አጋጥማችሁ ታውቃለች? እኔን አጋጥማኛለች። እዚህ ዓረብ አገር፣ ሩማይሲያ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ከምሠራበት ቀጥሎ ባለው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ትርሲት ናት። የተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት እኛ እንጥላለን፤ እሷ ግን ቆርጣ፣ በጥፍር ሞረድ አለስልሳ ዳይስ፣ ያን ባለ ስድስት ፊት የሚወረወር መጫወቻ፣ ታደርገዋለች።

አንዱ ዳይስ የምሳዋን ዓይነት የሚወስንላት ነው። በስድስቱም ፊቱ ላይ "ሽሮ" ተጽፏል።

"ምነው?" አልኳት።

"የሁዳዴ ነዋ" አለች፣ በሞኝነቴ አዝና። "የፍስኩ ለብቻው አለ።"

የአሠሪዋ የማዳሟ ልጅና ጓደኞቹ ደግሞ ሃያ ፊት ባለው ዳይስ ሲጫወቱ የሚውሉ፣ እንቆቅልሽ ካዩ ምግብ የሚረሱ ወጣቶች ናቸው። አንድ ቀን ሎሚ ልዋስ ብገባ የትርሲትን ዳይስ ከበው ተቀምጠዋል። ስልካቸው ጽሑፉን ተርጉሞላቸው ይባስ ተጨንቀዋል፤ ስድስቱም አንድ ከሆነ ለምን ይወረወራል? በኩሽና ሚዛን ሳይቀር መዝነውታል። በመጨረሻ ትርሲትን ጠርተው ምስጢሩን ጠየቋት። እኔ ተሳቀቅሁላት።

እሷ እጇን ጠረገችና ወረወረችው።

"ሽሮ" አለች። "ግን እስኪቆም ድረስ ሌላ ነገር ይመጣል ብላችሁ አልጠበቃችሁም?"

ልጁ ዳይሱን አነሳና እንደገና ወረወረው፤ ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። የጎረቤቴ ሥራ ነው ብዬ እየኮራሁ፣ እኔም አብሬ አሰገግሁ።