የአቶ በሪሁን ወገብ በኦቦ ኩምሳ ሳሎን ያደረገው ተጋድሎ

ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለበሪሁን ዘሰበታ፤ ማቀዝቀዣ ብቻቸውን አነሣለሁ ብለው የወገብ ዲስካቸውን ያንሸራተቱ፥ ሐኪም ሲመክራቸው መልሰው ሐኪሙን የመከሩ፥ ሌሊት ትራስ ነክሰው የሚያድሩበትን ሕመም ቀን ቀን «ብርድ ነው» እያሉ የሸኙ ታላቅ ሰው።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ ወገባቸው በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፥ በወርኃ ታኅሣሥ፥ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ሊያሰፋ በወጣው ማስተር ፕላን ምክንያት አገሩ ታውኮ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መንገዱ ድንጋይ በለበሰበት፥ የሰው ልጅ ታስሮና ሞቶ እናት በየደጁ ባለቀሰችበት በዚያ ክፉ ሰሞን፥ እኚህ ሰው ስለ ገዛ ክብራቸው ዘመቱ። እንግዲህ ሰው የሚያስጨንቀውን ያውቃል።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ዕዝራ፥ የቡራዩውን የኦቦ ኩምሳን ልጅ ሀሴትን ወደደ፤ እርሷም ወደደችው፤ አባትየው ግን ሁለት ጊዜ የተላከባቸውን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መለሱ። ሦስተኛው ልመናም ካልሰመረ ሀሴትን ለአንድ የሆለታ የአበባ እርሻ አለቃ ሊሰጡ ቆርጠው ነበር። ዕዝራም እህል አልቀምስ ብሎ ከሳ። አቶ በሪሁን ይህን ሰምተው፥ እኔ ቆሜ ጠይቄ ያልተሰጠኝ ልጅ የለም ብለው ደረታቸውን ነፉ፤ ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ «እሺ» እስኪባል ድረስ እንደማይቀመጥ የታወቀ ነውና።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች የወገብ ቀበቶውን ከጋቢያቸው ሥር እያጠበቀች፥ አሞኛል ብለህ ወንበር ብትጠይቅ ማን ይቀየምሃል፥ ያመመው ሰው መቀመጡ ነውር ነው እንዴ ብላ ለመነች። እርሳቸውም አዋጅ አወጡ፦

«በኦቦ ኩምሳ ቤት የወገቤን ነገር ያነሣ ከእኔ ጋር ዝምድና የለውም!»

ተረፈች ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ጨምራ አጠበቀችው። የዚያች ሴት ማጥበቅ ከስድብ ይከፋ ነበር።

የሠራዊቱም አሰላለፍ እንዲህ ነበረ። በቀኝ ከወላይታ መጥተው የሰበታን ግንብ ሲገነቡ ያረጁት ጋሽ ኤልቃና፤ በግራ ማንም የለም፥ ሦስተኛ ሆኖ ሊቆም የነበረው ሽማግሌ ሱሉልታ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷልና፤ ከኋላ እስከ ደጅ ብቻ እንዲከተል የተፈቀደለት ዕዝራ፤ በኪስ ደግሞ ተረፈች በስውር የከተተችው ማስታገሻ። ሚኒባሱ ቡራዩ ሳይደርስ ድንጋይ ከተደረደረበት ቦታ አውርዷቸው ዞሮ ሲመለስ በእግር ተጓዙ፤ በዚያም የአቶ በሪሁን ግራ እግር ሸፈተ። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ። ጋሽ ኤልቃና ምነው ቢሏቸው አገር እያየሁ ነው አሉ። አይ አገር ማየት! ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቶ።

ኦቦ ኩምሳ በክብር ተቀብለው ተቀመጡ አሏቸው፤ እንደ ሥርዓቱም እንቢ አሉ። ያን ጊዜ የቤቱ ጌታ ሶፋቸው ላይ ተደላድለው ረጅም ንግግር ጀመሩ፤ እንዲህ ባለ ዘመን ማን ልጅ ይድራል፥ ዕዝራ ፉሪ ላይ የሠራው ቤት ነገ የፕላኑ መሥመር ቢያልፍበት ልጄ የት ትገባለች፥ የወንድሜስ እርሻ የት ደረሰ እያሉ። ነገራቸው እውነት ነበር፤ ደግሞም አያልቅም ነበር። አቶ በሪሁን ግን ከቃሉ አንዱንም አልሰሙም። ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ በጭናቸው ወርዶ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ጋለ ሽቦ ገብቶባቸው፥ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። ቢቀመጡ ልጅቱ ቀረች፤ መቆም ደግሞ አልተቻለም።

ወእምዝ ወደቁ። በጀርባቸው ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው ጉልበታቸውን አጥፈው ቀሩ፤ ይኸውም ፊዚዮቴራፒስቷ ፈቲያ ሕመሙ ሲነሣብዎ እንዲህ ይሁኑ ብላ ስትለምናቸው፥ ሽማግሌ እንደ አህያ መሬት ላይ አይንከባለልም ብለው የናቁት አኳኋን ነበር።

ጋሽ ኤልቃና፥ አውቀው ይሁን ሳያውቁ ጸሐፊው አላረጋገጠም፥ ዘንጋቸውን አንሥተው አወጁ፦

«ሽማግሌያችን ከእግርዎ ሥር ወድቀዋል! ልጅዎን ሳይሰጡን አይነሡም!»

ኦቦ ኩምሳ ደነገጡ። ሽበታም ሰው በቤታቸው ወድቆ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በአማርኛም በኦሮምኛም ተነሡ አሉ፤ አልተነሡም። እሺ፥ ይታሰብበታል አሉ፤ አልተነሡም። ሰጥቻለሁ አሉ፤ ወይ ፍንክች። ፉሪም ይኑሩ፥ የፈለጉበት ይኑሩ አሉ፤ ሰውዬው ጣሪያውን እያዩ ያቃስታሉ። ድግሱንም እኔው ልደግስ አሉ፤ እንባ ከአቶ በሪሁን ዓይን ወረደ፥ ቤቱም ሁሉ ልመና መሰለው። በመጨረሻ ኦቦ ኩምሳ ምን በደልኩዎት ወንድሜ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና፥ በተራቸው እግር ላይ ለመውደቅ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

አቶ በሪሁን ይህን አዩ። ዝም ቢሉ ድሉ ሙሉ ነው፤ ጋሽ ኤልቃናም ዝም በሉ ብለው ጠቅሰዋቸዋል። ቢናገሩ የተሰጠው ቃል ሊመለስ፥ ልጁ ሊከስር ይችላል። የዚያ ሽማግሌ ጉልበት መታጠፍ ግን ከወገባቸው ይልቅ አመማቸው፤ አፈሩ።

«እንዳይወድቁ፥ ኦቦ ኩምሳ። እኔ የወደቅሁት ለልመና አይደለም። ወገቤን ታምሜአለሁ፤ ሰባት ዓመቴ ነው። እባካችሁ አንሡኝ።»

ጋሽ ኤልቃና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደጅ ሆኖ የሚያዳምጠው ዕዝራ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ኦቦ ኩምሳ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ባርኔጣቸውንም መልሰው ደፉ፦

«ሰጥቻለሁ ብያለሁ፤ አይመለስም። ለሰርጉ ሲመጡ ግን ወንበር ይጠይቁ።»

የኦቦ ኩምሳ ባለቤት ወይዘሮ ደጊቱ ከጓዳ እልል አለች፤ ኦቦ ኩምሳ በብብታቸው፥ ጋሽ ኤልቃና በእግራቸው ይዘው አነሧቸው።

ሌላው ጀግና ቆሞ ከተማ ሲይዝ ተጋድመው ሙሽራ የያዙ፥ ኃያሉ በሪሁን ዘሰበታ ይወደሱ፤ ስማቸውም ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ይነገር። ውዳሴው ግን ሁሉ ለእርሳቸው አይሁን። ሰባት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብላ ካልሲያቸውን እያጠለቀች፥ አንድ ቀን «አመመኝ፥ አንሺኝ» ይለኛል ብላ ለጠበቀችው ለተረፈች ይሁን፤ ያን ቃል ከእርሷ አስቀድሞ የሰማው የሰው ቤት ነውና።