«ፋስት አድርጋችሁ ኑ»

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ የዋህነት አለባቸው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ግስ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛውን ወይም የሕንድኛውን ያስቀምጡና በመካከላቸው ጋብቻ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። መብላት መብላት ነው፣ መተኛት መተኛት ነው፣ ምን ችግር አለው? ችግሩን እኔን ጠይቁኝ። በአንድ ግስ የተነሳ እንጀራዬን ላጣ ነበር፤ ያውም ብቻዬን ሳይሆን ከአንድ ሕንዳዊ ጋር።

ከዴንቨር ኤርፖርት ሆቴል ድረስ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። ሚስተር ጉፕታም እንደዚሁ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ፣ እንግሊዝኛ አንቱታ ባያውቅም፣ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛቸው ሻንጣ ለመቀበልና ለቲፕ ለማመስገን ይበቃል። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ በሄድንበት ምርመራ የሁለታችንም ሽንት ስኳር አሳየ። ሐኪሙ ደማችን ተመርምሮ ልክ ካልሆነ አልፈርምም አለ። ፊርማ ከሌለ ቫን የለም፤ ቫን ከሌለ ደግሞ የምከራየው የቻምበርስ ሮዱ አፓርትመንት የለም። አለቃችን ሩኅሩኅ ሰው ስለሆነ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ እንደሚፈለግ ወዲያው ነገረን።

ነርሷ ቀጠሮ ስትሰጠን ፋስት አድርጋችሁ ኑ አለች፤ ጾማችሁ ኑ ማለቷ ነው። ለሚስተር ጉፕታ በስልክ አስተርጓሚ ተጠራላቸው፤ አስተርጓሚዋ ግሱን በሕንድኛ ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። እኔማ አስተርጓሚ ምን ያደርግልኛል? እንዲያውም ሳቄ መጣ። ወሩ ሁዳዴ ነው። ከጀመርኩት ሳምንታት ያለፉትን ነገር ነው የምታዘኝ! የዓመቱን ግማሽ ሲጾም የሚኖር ሕዝብ ልጅን ጹም ማለት ለደብተራ ሀ ሁ ማስቆጠር አይደለም?

በቀጠሮው ቀን ማለዳ የጾም ቁርሴን በላሁ። ፉል በዘይት፣ ዳቦ፣ ብርቱካን ጁስ፣ ስኳሩ ጠገብ ያለ ሻይ። ምርመራው ላይ እንዳይደክመኝ ደግሞ ትንሽ የጾም ኬክ። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ንጹሕ ጾመኛ ሆኜ ሄድኩ።

ነርሷ ጣቴን ወግታ በመሣሪያው ላይ የወጣውን ቁጥር ስታይ ደነገጠች። ፋስት አድርገሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዴታ! ሥጋ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ ብዬ ማልኩላት። ጠረጴዛዋ ላይ የተገመጠ ዶናት አስቀምጣ ስለ ጾም እኔን ትመረምራለች! ታዲያ ዛሬ ጠዋት ምን በላህ ስትለኝ ሳልደብቅ ዘረዘርኩላት። ጭንቅላቷን ይዛ ወደ ሚስተር ጉፕታ ዞረች።

እሳቸውም ተቀይመው ማሉ። የበሉት ሙዝ፣ ጣፋጭ ወተትና በቅቤ የተጠበሰ ድንች ብቻ ነው። በእሳቸው ጾም የተከለከለው እህል ነው፤ ወተት ምን በወጣው? ይህን ስሰማ የራሴን ጉዳይ ረሳሁት። ወተት? በጾም? ይህማ ዓይን ያወጣ ፍስክ ነው አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ባቄላና ዳቦ ጠግቤ ጾምኩ ማለቴን ሲሰሙ እንደ ቀላጅ አዩኝ። በክሊኒኩ ኮሪደር ላይ፣ በሁለት ስብርባሪ እንግሊዝኛ፣ የሃይማኖት ጉባኤ ተከፈተ። ለጾም ያላቸው የሕንድኛ ቃል ከሥሩ «በአምላክ አጠገብ መቀመጥ» ማለት እንደሆነ አስረዱኝ። ሙዝ ይዞ? አልኳቸው። ነርሷ መሐላችን ገብታ ሁለታችሁም አልጾማችሁም ብላ ፈረደች፤ አንድ የመጨረሻ ቀጠሮም ሰጠችን።

ቤት ስገባ ልጄን የእንግሊዝኛው ግስ ከየት እንደመጣ ኮምፒውተር ላይ እንድታይልኝ ለመንኳት። ልጄ በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያደገች ልጅ ናት። ድሮ ድሮ «አጥብቆ መያዝ» ማለት ነበር አለችና «ዳድ፣ ጀስት ዶንት ኢት»፣ በቃ አትብላ፣ ብላ በሯን ዘጋች። አጥብቆ መያዝ ምኑን? አፍን ነዋ! ለካ ሕንዱ አምላኩን፣ እንግሊዙ አፉን ሲጠብቅ፣ እኔ ላሟንና ዶሮዋን ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ይህን ለማወቅ መንጃ ፈቃዴ አደጋ ላይ መውደቅ ነበረበት።

የመጨረሻው ቀጠሮ የዋለው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ውስጥ ነው። በሃምሳው መጾም ክልክል መሆኑን የማያውቅ የለም። ደስ አለኝ፤ ሕጉ ከእኔ ጋር ቆመ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ደውዬ፣ በሃምሳው ጹም ብለውኛል፣ መቼም ቤተ ክርስቲያን ይህን አትፈቅድም አልኳቸው። እሱ ሕክምና ነው ልጄ፣ ሂድ፣ አሉኝ። ቀጥለውም፣ ለመሆኑ ሁዳዴን እስከ ስንት ሰዓት ነበር የምትቆየው፣ ብለው ጠየቁኝ። የኦሮራ ሞባይል ኔትወርክ ደግሞ አይታመንም፤ መስመሩ ተቋረጠብኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። በዚህ ወገብ ካርቶን ተሸክሜ የት እደርሳለሁ? ስለዚህ ከራት በኋላ ከውኃ በቀር በአፌ የገባ ነገር የለም። ክሊኒክ ስደርስ ሚስተር ጉፕታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያለ ሙዝ፣ በአምላካቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔም ከጎናቸው ቁጭ አልኩ፤ ሆዳችን ተራ በተራ ይጮኻል። ሁለታችንም አለፍን። ነርሷ ግሩም አድርገህ ጾመሃል ብላ እጄን ጨበጠችኝ፤ ሐኪሙም ፈረመ።

ቤት ስደርስ ወረቀቱን ለባለቤቴ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ይኸውልሽ፣ መጾሜን ሐኪም በፊርማው የመሰከረልኝ ሰው ነኝ፣ አልኳት። ቁርሴን አቅርባልኝ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና፣ «አይ አንተ! ስንት ሁዳዴ ሙሉ ለነፍስህ ያቃተህን ለላይሰንስህ ቻልከው?» አለችኝ።

መልስ ነበረኝ፤ አፌ በእንቁላል ፍርፍር ሞልቶ ነው እንጂ።