አቆስጣ ነው ብያለሁ!

ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያይ ዝም ማለት ለምን እንደሚያቅተው ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም፤ ግን ይኸው ዝም አላልኩም።

የአሸዋ መኪና ረዳት ነበርኩ። ከቦርደዴ በታች ካለው ደረቅ ወንዝ ስንጭን አካፋዬ ድንጋይ የሆነ መንጋጋ አወጣ፤ ጥርሶቹ እንዳሉ ናቸው። ጭሮ ይዘነው ገባንና ጫት ከምንቅምበት በርጫ መሃል አስቀመጥነው። ሾፌሬ ጋሽ ኢብሮ ጅብ ነው አሉ። ከጎጃም ወደ ጤና ጣቢያው ተመድቦ የመጣው ድሬሰር ከርከሮ አለ። ጫት ነጋዴዋ አዴ ሃሊማ አንበሳውን ወሰዱ። ለእኔ ምን ተረፈ? ሰባተኛ ክፍልን ጥዬ ሳልወጣ የክፍሉ ግድግዳ ላይ በሥዕል ያየሁት፣ ወንዝ ውስጥ ዓሣና ሸርጣን የሚያድነው አቆስጣ! ያልተያዘ አውሬ እሱ ብቻ ነበር።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አዴ ሃሊማ፣ ይህን መንጋጋ ለተሸከመ አቆስጣ ወንዙ ራሱ አይበቃውም፣ ወላሂ፣ አሉ። ዘመኑ ሁሉ ነገር እጅ እየወጣ የሚወሰንበት ነውና ድምፅ ተሰጠ፤ ፍጥረቱ በአብላጫ ድምፅ ጅብ ሆነ። እኔ ብቻዬን ተቃወምኩ። ጋሽ ኢብሮ ደማቸው ፈላ፦ "ስማ አንተ ወሬኛ! እውነትህን ከሆነ ከጭነት ላይ ወርደህ ጋቢና ትቀመጣለህ። ካልሆነ መኪናዬን እንዳትነካ!"

እንጀራዬ በማላውቀው አውሬ ጥርስ ላይ ተንጠለጠለች።

ወንዙ ዳር ስንመለስ ከአዲስ አበባ የመጡ የአጥንት ተመራማሪ ድንኳን ተክለው አገኘናቸው። መንጋጋውን ያቀበሏቸው ጋሽ ኢብሮ ናቸው፤ እኔን ማን አምኖ! ተመራማሪው በብሩሽ ጠረጉት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። በመጨረሻ፣ እነዚህ ሰፋፊ ጥርሶች ሸርጣን የሚፈጩ ናቸው፤ ይህ ከምድር የጠፋ፣ ከሰው የሚከብድ አቆስጣ ነው አሉ።

ጮህኩ! ዘለልኩ! ጋሽ ኢብሮን አቅፌ ሳምኳቸው። ተመራማሪው ታዲያ፣ ከየትኛው የአቆስጣ ወገን እንደሚመደብ ሊቃውንቱ ገና እንዳልተስማሙ ነገሩን። እነሱም በርጫ አላቸው ማለት ነው!

ጋሽ ኢብሮ ቃላቸውን አያጥፉም፤ የጋቢናውን በር ከፈቱልኝ። እግሬን ላነሳ ስል ተመራማሪው መንጋጋው ሳይንገጫገጭ ጭሮ እንዲደርስ ለመኑ። ጋቢናው ከሾፌሩ ሌላ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ተመራማሪው መንጋጋውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ገቡ። እኔ ወደ አሸዋዬ ወጣሁ።

ከፋህ ወይ ትሉኛላችሁ? ምን ሲደረግ! ጭሮ ስንገባ ጭነቱ ላይ ቆሜ፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው "አቆስጣ ነው!" እያልኩ አቀለጥኩት። አዴ ሃሊማ ጫታቸውን ጥለው ወጡ፤ ድሬሰሩ መርፌውን እንደያዘ በር ላይ ቆመ። እስቲ አሁን ጋቢና ተቀምጬ ቢሆን ማን ይሰማኝ ነበር?