የጨው ቀመሶቹ አደራ

ሰው በሰው ላይ ከሚጭነው ሸክም ሁሉ አደራን የሚያህል የለም። ጆንያ ቢያሸክሙህ ሲደክምህ ታወርደዋለህ፤ አደራ ግን ባለቤቱ መጥቶ «ተቀብያለሁ» እስኪልህ ድረስ አብሮህ ይበላል፣ አብሮህ ይተኛል። በእኛ በላስታ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚባለው ሰው ልጁን፣ በሬውን ወይም የጎተራውን ቁልፍ ትቶ ሲሄድ ነው። ለዓሣ ተብሎ የተተረተ አይመስለኝም። እኔ የተቀበልኩት ግን ዓሣ ነው። ያውም አምስት። አሁን ፈገግ ብላችኋል፤ ግድ የለም፣ እኔም መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር።

ላሊበላ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ባለቤቱ አያ አስማረ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጭነት ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከከተማችን ባሕር ያየ ሰው ፈልጉ ብትባሉ መጀመሪያ የምታገኙት እሳቸውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ አንድ የመስታወት ገንዳና አምስት ነጠብጣብ ዓሦች ይዘው መጡ። ካህናቱ ሳይቀሩ መጥተው አዩላቸው። አያ እንዳስረዱን እነዚህ ዓሦች የወንዝም የባሕርም አይደሉም፤ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት የሚያድጉ ናቸው፤ እኛ ደጋ ቀመስ ቆላ እንደምንለው፣ የእነሱም ውሃ ጨው ቀመስ ነው። የጨው መለኪያዋ ብልቃጥ ከተሰበረች ወዲህ አያ የሚለኩት በምላሳቸው ነበር። በየጠዋቱ ጣታቸውን ነክረው ይልሱና «ልክ እንባ ያህል» ይላሉ። እንባ ያህል ከሆነ ደህና ነው፤ ካለፈ ወይም ካነሰ ግን ጉድ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የአያ የልብ ሕመም ጠናና ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮቱ እጄን ያዙና «ዓሦቼን አደራ። ሞቱ የሚል ወሬ እዚያ እንዳይደርሰኝ» አሉኝ። ሚስታቸው እትዬ ብርቄ ደግሞ ወደ ጎን ሳቡኝና፣ የአያ ልብ ድንጋጤ እንደማይችል ሐኪሙ መናገሩን ሹክ አሉኝ። እንግዲህ አስቡት። ዓሦቹ ከሞቱ አያ ይደነግጣሉ፤ አያ ከደነገጡ ደግሞ… እናንተ ጨርሱት፣ የእኔ አፍ አልደፈረም።

ጣጣው ጾሙ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ጣቴን ነክሬ ልልስ ስል እጄ አየር ላይ ቀረ። የጾም ወጥ የሚሠሩ እናቶቻችን እንኳ ጨዉን በግምት ጣል ያደርጋሉ እንጂ መች ይቀምሳሉ? የንስሐ አባቴ አባ ጽጌ ዘንድ ሄጄ፣ ቀምሼ ብተፋውስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጾምህን በዓሣ እጣቢ ልትፈታው ነው? መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

ቃላቸውን ፈጸምኩ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በርበሬው ጆሮ ግንድ የሚያግል ሽሮዬን እበላና፣ ምላሴ እየነደደ ሄጄ ውሃውን እቀምሳለሁ። ምላሱ የነደደ ሰው ምን ጨው ያውቃል? ውሃው ሁልጊዜ አልጫ ይሆንብኛል። ገንዳው ደግሞ ማሞቂያ ስላለው በየቀኑ እየተነነ ይጎድላል። ስለዚህ የጎደለውን ውሃ እሞላና፣ አያ ካስቀመጡልኝ የባሕር ጨው አንድ ጭብጥ ጣል አደርግበታለሁ። ወጥ ላይ ውሃ የጨመረ ሰው ጨው ይጨምር የለ? ውሃ ሲተን ጨዉ እዚያው እንደሚቀር የሚያስብ ጭንቅላት በጊዜው አልነበረኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዓሦቹ ጠቆሩ። ምግብ ስበትንላቸው ከድንጋዩ ኋላ ብቅ ብለው ያዩኝና ተመልሰው ይደበቃሉ። ያን ቀን ፍርሃት ገባብኝ፤ ገብቶም ቀረ። እንግዳ ፓስፖርቱን ሲሰጠኝ ዓይኔ ገንዳው ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ዝም ይላል፤ እኔም መብራት እስኪመጣ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ መልሼ ከላይ አፈሳለሁ። ስልክ በጠራ ቁጥር ሳላነሣው ገንዳውን አያለሁ፤ አያ ናቸዋ! ከአልጋቸው ሆነው በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም ጾሜን እንደያዝኩ «ደህና ናቸው፣ ሲጫወቱ ነው የዋሉት» እላቸዋለሁ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ሲጠናቀቅ እፎይ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ባሰብኝ። ከእንግዲህ ሲደነግጡ የሚፈታ ስፌት አለ።

ጾሙ ተፈታ። በፋሲካ ማግስት ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ በንጹሕ ምላስ ውሃውን ላስኩት። ቶሎ ተፋሁት። እንባ የት አባቱ፣ አሞሌ የላስኩ ነው የመሰለኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የፈራሁትን በገዛ እጄ በጭብጥ በጭብጥ ሳቀርበው ነው የከረምኩት። ንጹሕ ውሃ ልደፋበት ባልዲ አነሣሁ። ወዲያው አያ ደጋግመው ያስጠነቀቁኝ ትዝ አለኝ፤ በድንገት የተለወጠ ውሃ በዚያው ቀን ይገድላቸዋል። ባልዲውን መልሼ አስቀመጥኩት። አያ የሚገቡት በሦስተኛው ቀን ነበር። እስከዚያ ሥራዬ መቁጠር ሆነ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… አምስተኛው ከድንጋዩ ኋላ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

መጡ። ከስተዋል፤ ሲራመዱ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው። እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ የሚላቸውን ሰው ሁሉ በአንገታቸው እየመለሱ አልፈው ገንዳው ፊት ተቀመጡ። ጣታቸውን ነከሩ፤ ወደ አፋቸው ሊወስዱ ሲሉ እትዬ ብርቄ ያዙባቸው።

«እውነትሽን ነው፣ ጨው ተከልክያለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቀምሰህ ንገረኝ።»

እንባ ያህል ነው ብል ማን ያውቅብኛል? እሳቸው አይቀምሱ፣ ዓሣ አይናገር። አፌ ግን ውሸት ሰልችቶት ነበር። ቀመስኩ።

«ይቅር ይበሉኝ አያ፣ ባሕር ሆኗል።»

«አንተ ባሕር ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን ከዚህ የሚብስ ጨው ያለ አይመስለኝም።»

ከዚያ አፌ አልቆም አለ። ጾሙን፣ አባ ጽጌን፣ ሽሮውን፣ ጭብጡን፣ በስልክ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አያ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። እትዬ ብርቄ በዓይናቸው በሉኝ። በቃ ገደልኳቸው አልኩ በልቤ።

አያ ግን ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። ዓሦቹን የሸጠላቸው ሰው አንድ ነገር ነግሯቸው ነበር። እነዚህ ዓሦች ትንሽ ሳሉ ጨው ቀመስ ውሃ ይበቃቸዋል፤ ሲያድጉ ግን የሚሻቸው ባሕር ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ አንድ ሁለት ወር እየፈጀህ ጨዉን ጨምርላቸው ብሏቸዋል። አያ ደግሞ ዛሬ ነገ ሲሉ ሁለት ዓመት አለፈ።

«ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ» አሉ። «መልካቸውን እየው፣ እንዴት አምሯል። አሰብ የኖርኩት ሰውዬ የፈራሁትን አንተ እንዴት ደፈርክ?»

እውነትም ዓሦቹ ወርቅ መስለዋል። ከጠቆሩ ወዲህ እኔ ቁጥራቸውን እንጂ መልካቸውን መች አይቼ?

«ኧረ ደፍሬ አይደለም አያ» አልኳቸው፤ «ሽሮው አቃጥሎኝ ነው።»

አያ መጀመሪያ በአፍንጫቸው ሳቁ። ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው «ተወኝ፣ ስፌቴ፣ ስፌቴን» እያሉ ጎበጡ። ጾሙን ሙሉ በድንጋጤ እንዳልገድላቸው ስፈራ የከረምኩት ሰው፣ እትዬ ብርቄ ውሃ ሊያመጡ ሲሮጡ እያየሁ፣ አሁን ደግሞ በሳቅ እንዳልገድላቸው መፍራት ጀመርኩ።