ሞላሌ ይዤው የሄድኩት ቀይ ወይን

ዛሬ ሞላሌ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ሼር ታደርጉታላችሁ።

የምፈራው ሁለተኞቹን ነው።

ይህ ፔጅ ምን እንደሚሠራ መቼም ታውቃላችሁ። ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት እየዞርኩ፣ ርካሽ ሆኖ የሚጠጣ ቀይ ወይን እየፈለግኩ የምጠቁማችሁ እኔ ነኝ። "ኪስ የማይጎዳ አንድ ንገረን" እያላችሁ ኢንቦክሴን የምታጨናንቁት የኔን ነው። ፕሮፋይሌ ላይ ሳላፍር "የወይን አማካሪ" ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ኔትወርክ ሲስተካከል ያንን ጽሑፍ አጠፋዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲጂን ታውቋታላችሁ፣ ፎቶዎቼ ላይ ሁሌ ዓይኗን ጨፍና የምትገኘዋን። ልንጋባ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷ ጋሽ ደምሴ "እስቲ ልጁን አምጪውና ልየው" ብለዋል። ካልጣምኳቸው ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር የለም።

"አባባ ሌላው ሌላው ግድ አይሰጣቸውም" አለችኝ ቲጂ፣ "ስስት ግን አይወዱም።"

ይህን ስሰማ ወዴት ሮጥኩ? ሱፐርማርኬት ነዋ!

ዘዴዬን የድሮ ተከታዮቼ ታውቁታላችሁ፣ ለአዲሶቹ ልድገመው። ዓይናችሁ ትክክል ከተደረደረው እንዳትገዙ። እዚያ የሚቀመጠው ውዱ ነው። ጎንበስ በሉ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ በኩል፣ አቧራ የጠገበውን ሳቡ። ቂጡን በአውራ ጣት ፈትሹ፣ ጎድጎድ ካለ ጥሩ ነው ይባላል (ማን እንዳለው አትጠይቁኝ)። ሌብሉ ላይ ቤተ መንግሥት የተሳለበትን ተዉት፣ የምትከፍሉት ለሥዕሉ ነው።

ጥበቃው ሌባ መስዬው ሁለቴ ተመላልሶ እያየኝ፣ ተንበርክኬ ፈለግኩ። አገኘሁ! የደቡብ አፍሪካ፣ ቂጡ ጉድጓድ፣ ዋጋው አጠገቡ ካለው ግማሽ። ከደስታዬ ብዛት ካሸሯን ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

አንድ ገዛሁ።

አዎ፣ አንድ። ስድቡን ለመጨረሻ አቆዩልኝ።

ከጣርማ በር በኋላ አውቶቡሱ ባነጠረን ቁጥር ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ የቲጂ ወላጆች የሚኖሩባት ሞላሌ ገባሁ። ብርዱን ለማታውቁት፦ ጃኬቴን ለብሼ፣ የቲጂን ሻርፕ ጨምሬ፣ አሁንም ጥርሴ ይጋጭ ነበር። እናቷ አይተው አዘኑልኝና ጋቢ ደረቡልኝ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርኩ።

ቤት ስንገባ ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን አይደሉም። እሑድ ነው፣ ሰው ከቅዳሴ ተመልሷል። የንስሐ አባታቸው መምሬ ጥላሁን አሉ፣ ሦስት ጎረቤቶችም አሉ። ሁሉም እኔን ሊያዩ ነው የመጡት። አምስት ሽማግሌ በአንድ መደብ ላይ ተደርድረው ከጫማዬ እስከ ጸጉሬ አዩኝ። ጸጉሬ ላይ ትንሽ ቆዩ።

"ይኸ ምንድር ነው ልጄ?" አሉ ጋሽ ደምሴ ጠርሙሱን እያዩ።

"ወይን ነው አባቴ። ለእርስዎ ብዬ መርጬ ነው ያመጣሁት።"

"እሰይ፣ ተባረክ። ትዕግስት፣ ብርጭቆ አምጪ።"

ቲጂ አምስት ትልልቅ ብርጭቆ ደረደረች። እኔም መክፈቻዬን ከኪሴ አወጣሁ። ጷ! ድምፁ ራሱ ልብ ይሞላል። እዚህ ጋ ዝም ብዬ ብቀዳ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ግን አማካሪ ነኛ!

"ይህ ወይን ዝም ብሎ አይጠጣም" አልኩ። "መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ብቻ ይቀዳል። ከዚያ እንዲህ ተደርጎ ይዞራል።" እጄን በአየር ላይ አዙሬ አሳየኋቸው። ሁሉም በጥሞና ሰሙኝ። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስብከት የሰጠሁ መሰለኝ።

ከዚያ የእያንዳንዱን ብርጭቆ ሲሶ ሳላሳልፍ ለአምስቱም ቀዳሁ። ጠርሙሱ አለቀ። ለራሴ እንኳ አልተረፈኝም። ቀበሌ ሰውን አንድ ለአምስት ያደራጃል፣ እኔ ወይን አንድ ለአምስት አደራጀሁ።

ጋሽ ደምሴ ብርጭቆውን አነሡ። እንዳልኳቸው አዞሩት። አዟዟራቸው እንዴት ያምራል! ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች አይደርሱባቸውም። "ቀጥሎ ይሸተታል" ልል አፌን ስከፍት፣ ጋሽ ደምሴ ወደ በሩ ዘንበል አሉና ቸለስ።

ደፉት።

ውጭ። ድንጋዩ ላይ።

መምሬም አዞሩ፣ ቸለስ። ሁለቱ ጎረቤቶች ተከተሉ። የመጨረሻው፣ ጋሽ በየነ የሚባሉት፣ ጉልበት ነበራቸውና አርቀው ሲደፉት በር ላይ የታሰረችውን ነጭ በግ ከጎኗ እስከ አፍንጫዋ ቀይ አደረጓት።

ከዚያ አምስቱም ባዶ ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝ። በአክብሮት። በፈገግታ።

ለምን አላስቆምካቸውም ትሉኝ ይሆናል። አፌ እስኪዘጋ ሁሉም አልቆ ነበር እኮ! ደግሞስ አባቷን "ኧረ ይተዉ" የሚል አማች አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቲጂ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ጆሮዬ ሥር መጣች። "ጠላ ሲቀዳ መጀመሪያ ጥቂት ጠብ ይደረግና ብርጭቆው ተለቅልቆ ይደፋል፣ ዋናው የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው" አለችኝ። "አንተ ትንሽ ቀድተህ አዙሩ ስትላቸው ምን ያድርጉ?" ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ፊታቸው በርቷል። "እኛ በጠላ ነው የምናለቀልቀው" አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። "ይኸ ልጅ ማለቅለቂያው እንዲህ ከሆነ፣ የሚጠጣው ምን ሊሆን ነው?"

"ለጋስ ነው" አሉ ጋሽ በየነ።

ወገኖቼ፣ ለጋስ ተባልኩ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። "ዋናው ሳጥን አውቶቡስ ላይ ቀረ" ብል ማን ያውቃል? ሽማግሌዬን ልኬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ እኖር ነበር። ግን አምስቱ ብርጭቆ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። የጋሽ ደምሴ ዓይን ደግሞ ቁርጥ የቲጂን ነው የሚመስለው፣ እሷን ዋሽቼ አምልጬ አላውቅም።

"አባቴ" አልኩ። "የሚጠጣው... እሱ ነበር።"

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"የቱ?"

"የደፋችሁት።"

ጋሽ ደምሴ ወደ ብርጭቆው አዩ። ወደ ጠርሙሱ አዩ። ወደ በሩ አዩ። እዚያ በጓ አንገቷን አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የገዛ ጎኗን እየላሰች ነበር።

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዱት መምሬ ናቸው። ቆባቸው ወደቀ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተከተለ! ጋሽ በየነ ሆዳቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተጋደሙ። የቲጂ እናት ከጓዳ እየሮጡ መጥተው፣ ሲነገራቸው ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ጋሽ ደምሴ በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ በጓን ያያሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? እንዲህ ደስ ብሎኝ የተዋረድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሳቁ ሲበርድላቸው ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ተነሥተው የገብስ ጠላቸውን በጆግ ይዘው መጡ። ለእኔ ቀዱ። ብርጭቆው ሞላ፣ አላቆሙም። በጣቶቼ መካከል ወርዶ ሱሪዬን አራሰው፣ አሁንም አላቆሙም።

"መቅዳት እንዲህ ነው" አሉኝ።

"እሺ አባቴ።"

"እውነቱን በመናገርህ ግን ወደድኩህ። በል፣ ሽማግሌዎችህን ላክ።"

ቲጂ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝና ጨመሩ፦

"ሲመጡ ያንን ማለቅለቂያም ይዘው ይምጡ። የሚጠጣውን እኔ እችላለሁ።"

ይህን የምጽፈው መመለሻ አውቶቡስ ላይ ሆኜ፣ ሱሪዬ ጠላ ጠላ እየሸተተ ነው። ወይኑ ጥሩ ነበር ወይ ለምትሉኝ፣ አላውቅም። የቀመሰችው በጓ ብቻ ናት። ስንወጣ ግን ድንጋዩንም እየላሰች ነበር፣ ስለዚህ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ።

አሁን እናንተ አማክሩኝ፦ ለአምስት ሽማግሌና ለአንዲት በግ ማለቅለቂያ ስንት ጠርሙስ ይበቃል?